አንድ ሌሊት ጎደለ

ማርሊስ ትቬት እስካሁን የግብር ነገር አሳስቧት አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማርች በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወረቀቶቿን በጫማ ካርቶን ታቅፋ ከኢንሹራንስ ቢሮው ጀርባ ወዳለችው የሚስተር ኦስጉድ ጠባብ ክፍል ትሄዳለች። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "እንዳምናው ነው?" ይላታል። "እንዳምናው ነው" ትላለች። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትፈርማለች፣ ለልጇ ለሊኒያ ከረሜላ ይሰጣታል፣ አለቀ። ልጅቷ አድጋ ከረሜላ እምቢ ማለት ከጀመረች በኋላም ሚስተር ኦስጉድ መስጠቱን አልተወም፤ ማርሊስ እየተቀበለች ቦርሳዋ ውስጥ ትከተው ነበር።

ዘንድሮ ሚስተር ኦስጉድ ጉልበቱን ብርዱ በላው ተባለና ጓዙን ጠቅልሎ ሞቃቱ አሪዞና ገባ። በሩ ላይ በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ ለጥፎ ነው የሄደው። "ደንበኞቼን ሁሉ አመሰግናለሁ። በአሁኑ ጊዜ በኮምፒውተር ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ፤ ቀላል ነው" ይላል። ቀላል! ማርሊስ ይህን ካነበበችበት ቀን ጀምሮ የጫማ ካርቶኑን እየከፈተች ትዘጋለች።

ነገሩ ኮምፒውተሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። "እንዳምናው ነው" የምትለው ቃል ራሷ ዘንድሮ አትሠራም። አብሮት የሚኖር ልጅ ላለው ሰው ግብሩ ይቀንሳል፤ ሊኒያ ግን ቤት የለችም።

ዓርብ ዕለት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም የፀጉር መረባቸውን አጥልቀው ለአራት መቶ ልጆች ዓሣ ሲያወጡ፣ ዶሪን ጀመረቻት። ዶሪን አሥራ አራት ዓመት ከጎኗ የሠራች ጓደኛዋ ናት፤ ልቧ ደግ ነው፣ አፏ ግን ፍሬን የለውም።

"እስካሁን አላስገባሽም?" አለች፣ ትሪውን ከምድጃው እየሳበች። "አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ማክሰኞ እኮ ነው የመጨረሻው ቀን!"

"እየመረጥኩ ነው።"

"ምኑን ነው የምትመርጪው?"

"የግብር መሙያ ፕሮግራሙን ነዋ። ብዙ ዓይነት ነው። የትኛው እንደሚሻል…"

"ስድስት ሳምንት ሙሉ? ባል ስትመርጪ እንኳ ይሄን ያህል አልፈጀብሽም!"

"ያኔ ስድስት ሳምንት ባስብበት ኖሮ ጥሩ ነበር" አለች ማርሊስ። ሁሉም ሳቁ፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ስለሆነ የሚያስቀው ነገር ሆኗል።

"ስሚኝ፣ ብርቱካናማውን ፕሮግራም ያዢ" አለች ዶሪን። "እኔ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው የጨረስኩት። ስምሽን ይጠይቅሻል፣ ታስገቢያለሽ። ደመወዝሽን ይጠይቅሻል፣ ታስገቢያለሽ። ልጅ አለሽ ወይ ይልሻል፣ አለኝ ትያለሽ። በቃ!"

ማርሊስ ስትቆጥር የነበረውን የዓሣ ቁጥር ሳተች። እንደገና ከአንድ ጀመረች።

"ለመሆኑ ሊኒያ እንዴት ናት? የዱሉዝ ከተማ ኑሮ ተስማማት?"

"ደኅና ናት።"

"ዳቦ ቤቱስ?"

"ደኅና ነው" አለች ማርሊስ። ዳቦ ቤቱ ደኅና ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? ልጇን ካነጋገረቻት ዘጠኝ ወር አልፏል። በገና "መልካም ገና" ብላ ጽፋላት "ላንቺም" የሚል መልስ መጥቶላታል። ያችን አንድ ቃል እስካሁን አልሰረዘቻትም፤ አንዳንዴ ስልኩን ከፍታ ታያታለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ሊኒያ አምና ጁን ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ማርሊስ ለኮሌጁ ስትሯሯጥ፣ ፎርም ስታስሞላ፣ አንሶላ ስትገዛ፣ ልጅቷ ጁላይ ሁለት ቀን ማክሰኞ ማታ እራት ላይ "ኮሌጅ አልሄድም፣ ዱሉዝ ከተማ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ" አለች። ማርሊስ ጮኸች። ሊኒያም ጮኸች። ሁለቱም ሲጮሁ የሚያቆማቸው ሦስተኛ ሰው በቤቱ አልነበረም። በመጨረሻ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ስታመራ ማርሊስ አንድ ነገር ተናገረች። "በዚህ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም" አለች። ሊኒያ ወጣች። ማርሊስ የበሩን ሰንሰለት ሰካች፣ የበረንዳውን መብራት አጠፋች፣ አልጋዋ ላይ ወጥታ ጣሪያውን ስታይ ቆየች።

ማርሊስ ክፉ ሴት አይደለችም። ባለ ሱቁ ዐሥር ሳንቲም አብልጦ ከመለሰላት ከመኪናዋ ወርዳ የምትመልስ ሰው ናት። ያንን ቃል የተናገረችውም ልጅቷን ለማስቀረት ነበር። ግን ተናግራዋለች፤ የተናገረችውን ደግሞ መልሳ አታውቅም፤ ይኸው ዘጠኝ ወር።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ሊኒያ ጥላው የሄደችው ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀይ እንጉዳይ ተለጥፎበታል። ውጭ የኤፕሪል በረዶ፣ ቆሻሻ ሆኖ፣ ከአጥሩ ሥር ገና አልቀለጠም። ከጎኗ የጫማ ካርቶኑ አለ፣ ትልቅ ኩባያ ቡና አለ፣ ቡናውም ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። ሦስት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ከፍታለች። በስማቸው አትጠራቸውም፣ በቀለማቸው ነው የምታውቃቸው።

ሰማያዊው "ነጻ ነው" ብሎ ተቀበላት። ስሟን ጠየቀ፣ አድራሻዋን ጠየቀ፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣውን የደመወዝ ወረቀት ጠየቀ። ከዚያ ለበለጠ እርግጠኝነት ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይሸጋገሩ አላት። አልፈልግም ብላ ተጫነች። በእርግጥ አይፈልጉም? አላት። አልፈልግም። ከመቶ ደንበኞቻችን ሰባ አንዱ ተሸጋግረዋል አላት። ማርሊስ የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ምን ደርሶባቸው ይሆን ብላ ተጨነቀች። ጨክና አለፈችው። ቀጥሎ ያለው ገጽ ነጭ ነበር፣ መሃሉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ።

"ሊኒያ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብራዎት ኖራለች? አዎ። አይደለም።"

እጇን ከላፕቶፑ አነሳች።

ወደ አረንጓዴው ሄደች። አረንጓዴው ትሑት ነው፣ ሁሉን ነገር በለስላሳ ቃል ይጠይቃል፤ ከላይ በስተቀኝ ግን አንድ ቁጥር ተሰቅሏል፤ መንግሥት የሚመልስልዎት ይላል። እሱም የልጅቷን ነገር አልተወውም፤ "ሊኒያ ስንት ወር አብራዎት ኖረች?" ብሎ የወራት ዝርዝር ዘረገፈላት። ሰባት ስትል ቁጥሩ ሽቅብ ዘለለና አረንጓዴ ሆነ። ስድስት ስትል ቁልቁል ወረደና ቀላ፤ "የሚከፍሉት" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰባት። ስድስት። ሰባት። ስድስት። ማርሊስ ከመጨነቋ ብዛት ስድስት ጊዜ ያህል አመላለሰችው። ገንዘቡም ቢሆን ለእሷ ቀላል አይደለም፤ የቤቱ ማሞቂያ የሚቀጥለውን ክረምት እንደማያወጣው የጥገና ሠራተኛው ነግሯታል። ግን እጇን ያሰረው ገንዘቡ አልነበረም። አይደለም ብትል፣ ያን ማታ በቁጣ ያለችውን ቃል አሁን ቁጭ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ በገዛ እጇ ለመንግሥት ጽፋ ልትሰጥ ነው። አዎ ብትል ደግሞ ከታች "ከላይ የሞላሁት እውነት ነው፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ" የሚል ፊርማ ይጠብቃታል።

ለልጅቷ መደወል ነበረባት። ይህን ታውቃለች። ደውላ "መቼ ነው የወጣሽው? ምን ልሙላ?" ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩ አጠገቧ ተቀምጧል። አንስታ ደወለች? አልደወለችም። ብርቱካናማውን ከፈተች።

ብርቱካናማው ከታች ጥግ ላይ ሰው ነበረው። ወይም ሰው መሳይ ነገር። "ሰላም ማርሊስ! እኔ ኪፕ ነኝ። ምን ልርዳዎት?" አለ።

ማርሊስ በሁለት ጣቷ ጻፈች፤ "ልጄ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከቤት ወጥታለች። እኔ ዘንድ ትቆጠራለች?"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ማርሊስ! ልጅዎ ቤትዎ ያደረችባቸውን ሌሊቶች ይቁጠሩ። ከዓመቱ ግማሽ ከበለጡ ትቆጠራለች። ለትምህርት ቤት ጉዞና ለመሳሰለው ውጭ ያደረችባቸውም እንዳደረች ይታሰባሉ!"

ሌሊት መቁጠር። ይህስ የሚቻል ነገር ነው። ማርሊስ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የምታምነው ግድግዳዋ ላይ የሚሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነው፤ የከተማው ቀብር አስፈጻሚ በየገናው በነጻ የሚያድለው፣ በየወሩ የሐይቅ ሥዕል ያለበት። ሁሉን ነገር እሱ ላይ ትጽፋለች፣ ዓመቱ ሲያልቅም አትጥለውም። የአምናውን ከመሳቢያ አወጣችው። እርሳስ ቀርጻ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ከጃንዋሪ አንድ ጀምራ በእያንዳንዱ ቀን ላይ ነጥብ ማሳረፍ ጀመረች።

ፌብሩዋሪ ላይ ሊኒያ ከቅርጫት ኳስ ቡድኑ ጋር ሁለት ሌሊት ውጭ አድራለች፤ ኪፕ ይቆጠራል ብሏልና ነጥብ አሳረፈች። አምና ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ ቀን ነበረው፤ ደስ አላት፣ ትርፍ ሌሊት። ማርች። ኤፕሪል፣ "ሊኒያ ጥርስ ሐኪም" የሚል። ሜይ፣ "የሊኒያ ልብስ፣ ቀሚሱን ማሳጠር" የሚል። ጁን፣ "ምረቃ!!" በሁለት ቃለ አጋኖ። ጁላይ አንድ። ጁላይ ሁለት ላይ እርሳሷ ቆመ። ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ያን ቀን ምንም አልጻፈችበትም። ምን ብላስ ትጽፋለች?

ደመረችው። መቶ ሰማንያ ሦስት ሌሊት።

ዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ቀን ነበረው። ግማሹ መቶ ሰማንያ ሦስት ነው። እንደገና ቆጠረች፣ በዚህ ጊዜ ከጁላይ ወደ ኋላ። መቶ ሰማንያ ሦስት። ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። ያው። ትርፍ ያለቻት የፌብሩዋሪ ሌሊት ግማሹን ከፍ አድርጋ ጉድ ሠራቻት እንጂ አልረዳቻትም።

"ልክ ግማሽ ቢሆንስ?" ብላ ለኪፕ ጻፈች።

ሦስት ነጥቦች ብልጭ ድርግም አሉ።

"ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፣ ማርሊስ!"

"የጎደለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።"

"ገባኝ! ከግማሽ በላይ መሆን አለበት።"

"አንተ ግን ሰው ነህ?"

"በሌላ ጉዳይ ልርዳዎት?"

ማርሊስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። አንድ ሌሊት! ያን ማታ አፏን ብትይዝ፣ "እስኪ ነገ እንነጋገር" ብትል፣ ልጅቷ ብታድር፣ መቶ ሰማንያ አራት ይሆን ነበር። ራሷን ረገመች። የቀን መቁጠሪያውን ልትዘጋው ስትል ከባዶው ሣጥን ቀጥሎ ባለው፣ በጁላይ ሦስት ላይ፣ የራሷን ጽሕፈት አየች። "ኬክ፣ ለቨርጂል" ይላል።

ትዝ አላት። ቨርጂል ጎረቤቷ ነው፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ጁላይ ሦስት ረቡዕ ነበር፣ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን። ማርሊስ ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳት ሊነጋ ደርሶ ነበር፤ የመኪናው ድምፅ ሲቀሰቅሳት የቆሻሻ በርሜሉን መንገድ ዳር አለማውጣቷ ትዝ አላትና የሌሊት ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ ወጣች። በርሜሉ መንገዱ ዳር ቆሟል፣ ባዶውን። ቨርጂል አውጥቶልኛል ብላ፣ እጇንም ሥራ ለማስያዝ፣ ያኑ ዕለት ሩባርብ በሚባለው ጎምዛዛ የጓሮ ተክል ኬክ ጋግራ ደጃፉ ላይ አስቀምጣለት መጣች። መጋገሪያውን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ከዚያ ላፕቶፕ ለመሸሽ ሰበብ ፈልጋ ነበርና ካፖርቷን ደረበች። መጋገሪያዬን ልውሰድ ብላ ወጣች።

ቨርጂል ጋራዡ ውስጥ የጀልባ ሞተር ፈታትቶ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚገጠም ጠፍቶት ያየዋል።

"አሃ፣ ማርሊስ! ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ሰው ሞተ?"

"ግብር እየሞላሁ ነው።"

"እሱ ከሞት አያንስም። የኔን ልጄ ትሞላልኛለች፣ እኔ መፈረም ብቻ ነው።"

ልጄ ትሞላልኛለች ሲል ማርሊስ ወደ ሞተሩ ዞረች። "መጋገሪያዬን ልወስድ ነበር የመጣሁት፣ ካላስቸገርኩዎት።"

"ዘጠኝ ወር ቆይተሽ?" ቨርጂል ሳቀ፤ ከመደርደሪያው ላይ አወረደው። ውስጡ ብሎን ሞልቶበታል። ብሎኑን ቆርቆሮ ላይ ደፋና በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣት። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈው ስሟ ዘይት ነክቶት ጠቁሯል። "ኬኩ ግን የዋዛ አልነበረም። ጠዋት በላሁ፣ ማታ በላሁ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ለምን እንደሰጠሽኝ ነው።"

"ለቆሻሻው ነዋ።"

"ለየትኛው ቆሻሻ?"

"በርሜሌን አውጥተውልኝ የለ እንዴ! ያኔ፣ ከነጻነት በዓሉ ርችት በፊት።"

"እኔ?" አለ ቨርጂል። "እኔ እኮ ያን ሳምንት ሐይቁ ጋ ነበርኩ። ረቡዕ ከሰዓት ስመለስ ኬኩ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሴት ኬክ ስትሰጠኝ ለምን ብዬ አልጠይቅም። በዚህ ዕድሜ!" ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። "ደግሞስ ያንን በርሜል እኔ የት ልችለው? አንድ ጎማው ወልቆ የለም? እሱን በጎኑ አዘንብላ መንገድ ድረስ መውሰድ የምትችልበት ያቺ ልጅሽ ብቻ ናት።"

ማርሊስ መጋገሪያውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ቨርጂል ሌላ ነገርም ተናገረ፣ ስለ ሞተሩ ሳይሆን አይቀርም፣ አልሰማችውም። በርሜል ማውጣት ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የሊኒያ ሥራ ነበር። ግን ሊኒያ ማታውኑ ሄዳለች። ሄዳለች እንዴ? ማርሊስ በሩ ሲዘጋ ሰምታለች። የልጅቷ መኪና ሲነሳም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ጆሮዋን በትራስ ደፍና ነበር።

ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልኩን አነሳች። የሊኒያን ስም ፈልጋ ስትጫን የዱሉዙ ዳቦ ቤት ፈረቃ አልቆ ይሁን፣ ልጅቷ ተኝታ ይሁን፣ ቁጥሯን ቀይራ ይሁን አታውቅም። አንድ ጊዜ ጮኸ። ሁለት ጊዜ። በአራተኛው ልትዘጋው ነበር።

"እማ?" አለች ሊኒያ። "ምን ሆነሽ?"

"ምንም አልሆንኩም! ደኅና ነኝ። የ… የግብር ነገር ነው።"

"የግብር?"

"አዎ። ሚስተር ኦስጉድ አሪዞና ሄደ።"

ከወዲያ በኩል የሆነ ዕቃ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ከረሜላውስ?" አለች ሊኒያ።

ማርሊስ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አንድ ድምፅ አወጣች። "ከረሜላውም አብሮት ሄደ። ስሚ፣ ሊኒያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን፣ ጁላይ ሁለት፣ የት አደርሽ?"

"ለምን?"

"ፕሮግራሙ ይጠይቃል።"

"የት እንዳደርኩ ፕሮግራሙ ምን አገባው?"

"ይጠይቃል አልኩሽ። ሌሊት ይቆጠራል። የት አደርሽ?"

"መኪና ውስጥ።"

"መኪናው የት ነበር?"

"ተይው እማ።"

"ሊኒያ።"

"እኛ ግቢ" አለች ልጅቷ። "ከጋራዡ ጀርባ። የት ልሂድ ታዲያ? በቂ ነዳጅም አልነበረኝም። ጥግ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። የበረንዳውን መብራት ካበራሽው እገባለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ወዲያኛው መንገድ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። በርሜሉ ደግሞ አልወጣም። አወጣሁትና ጥጉ ጋ ሄጄ ቆምኩ። የቆሻሻ መኪናው ገልብጦት ካለፈ በኋላ በመስታወት አይቼሻለሁ፣ በዚያ ቢጫ ጋውንሽ በርሜሉ አጠገብ ቆመሽ።"

ማርሊስ ተቀመጠች። ያን ሌሊት የበረንዳው ማብሪያ ከአልጋዋ ስምንት እርምጃ ነበር። ሁለቴ ልትነሳ ቃጥቷት ነበር። ይህን አሁን መናገር ምን ይጠቅማል?

"መብራቱን አላበራሁትም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሰንሰለቱንም ሰክቼው ነበር።"

"አውቃለሁ እማ። ሞክሬዋለሁ።"

ማርሊስ አፏን በእጇ ያዘች። ልጇ ያን ሌሊት በሩን ሞክራዋለች። እሷ ጣሪያ ስታይ ልጅቷ እዚያ ቆማ፣ ቁልፏን አዙራ፣ ሰንሰለቱ ሲይዘው ሰምታ፣ ቀስ ብላ ዘግታው ሄዳለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጥላኝ ወጣች ስትል የኖረችው ይህችን ልጅ ነው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። "ያን ቃል መናገር አልነበረብኝም። በነጋታው ደውዬ ልጄ ነሽ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ከዚያ በየቀኑ ይበልጥ እየፈራሁ መጣሁ።"

"እኔም አላስገባሁም" አለች ሊኒያ።

"ምኑን?"

"ግብሩን። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ።"

"የቱ ላይ?"

"'ሌላ ሰው የእኔ ናት ብሎ ሊያስመዘግብዎ ይችላል?' ይላል። አዎ ወይም አይደለም። ዳቦ ቤት ያሉት ልጆች 'አይደለም በይና ገላግይው፣ ሁለት ደቂቃ ነው' ይሉኛል። ምን ልበል አላወቅኩም። ልጠይቅሽ ደግሞ…" ድምፅዋ ተቆረጠ። "አይደለም ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ውጭ ከቨርጂል ጋራዥ የሆነ ብረት ወድቆ አንቃጨለ። ማርሊስ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ራሷ ሳበችው። እርሳሱን አነሳችና ባዶው ሣጥን ላይ፣ ጁላይ ሁለት ላይ፣ ጠበቅ አድርጋ ነጥብ አሳረፈች።

"መቶ ሰማንያ አራት" አለች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሌሊት። ከግማሽ በላይ ነው።"

"መኪና ውስጥ እኮ ነው ያደርኩት። ይቆጠራል?"

"ግቢው እስከ መንገዱ ድረስ የኔ ነው" አለች ማርሊስ። "በየዓመቱ ግብር እከፍልበታለሁ። ለምን አይቆጠር? ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምነግረው።"

"እሺ፣ እኔስ ምን ልበል?"

"አዎ በይ።"

"አዎ?"

"አዎ በይ፣ ሊኒያ። ከእኔ ሌላ ማን ያስመዘግብሽ! በየትኛው ነው የምትሞዪው?"

"በብርቱካናማው።"

ማርሊስ ሰማያዊውን ዘጋችው። እርግጠኛ ነዎት? አላት፤ አልመለሰችለትም። አረንጓዴውን ከነቁጥሩ ዘጋችው። ስድስት ሳምንት ያልተመረጠው ፕሮግራም በሁለት ጣት ተመረጠ።

"ኪፕ የሚባል አለ እዚያ፣" አለች፣ "አደራሽን እንዳታናግሪው።"

ሊኒያ ሳቀች፤ ያው የድሮ ሳቋ ነው፣ በአፍንጫዋ የሚወጣው። "ጥያቄው ላይ ደረስሽ?"

"ደርሻለሁ።"

"እኔም ደርሻለሁ። አብረን እንጫነው?"

"ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ" አለች ማርሊስ። መነጽሩ ግን ዓይኗ ላይ ነበር። አወልቃ ዓይኗን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችና መልሳ አደረገችው፤ አዎ የሚለው ቃል አሁን በደንብ ታያት።